ሁለት ጠርሙስ ላባስ

በናቡል ከተማ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ላባስ?» ይላል፤ ክፉ የለም? ማለት ነው። መልሱም «ላባስ» ነው፤ ክፉ የለም። አብዛኛው ሰው እግሩን እንኳ ሳይገታ ይህን ተባብሎ ይተላለፋል። ዝቤይዳ ግን ትቆማለች። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ላባስ፣ ሐምዱላህ»፣ አላህ ይመስገን፣ ስትል፣ የሰማት ሁሉ በዚያች ሴት ቤት ክፉ ነገር ደጃፍ ረግጦ የሚያውቅ አይመስለውም።

ቃሉን የያዘችው ከአባቷ ነው። አባቷ ሸክላ ሠሪ ነበር፤ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ታሞ ተኛ። አንድ ጠዋት ጎረቤት በመስኮት ብቅ ብሎ «ላባስ?» አለው። «ላባስ፣ ሐምዱላህ» አለ አባቷ፤ ቀትር ሳይሆን ሞተ። ትንሿ ዝቤይዳ ያን ቀን አንድ ነገር በልቧ ቋጠረች፦ ሕመምን ለሰው መዘርዘር የፈጠረውን ጌታ መክሰስ ነው። ይህን ማንም አላስተማራትም። ራሷ ነች እንዲህ የተረዳችው፣ ከዚያም ሃምሳ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ አብሯት ኖረ።

ከእናቷ የወረሰችው ደግሞ ቀጣሩን ነው። ቀጣር አንጠባጣቢ ማለት ነው፤ ከመዳብ የተሠራ፣ ሆዱ እንደ ድስት፣ አናቱ ላይ የውሃ ገበታ የተሸከመ፣ ከጎኑ ረጅም አፍንጫ የወጣለት ዕቃ። መጋቢት ሲገባ ሴቶቹ ከመራራው ብርቱካን ዛፍ ሥር አንሶላ ያነጥፋሉ፣ የረገፈውን ነጭ አበባ ይለቅማሉ፣ ከውሃ ጋር ቀጣሩ ሆድ ውስጥ ይጨምሩታል፣ መጋጠሚያውን በሊጥ ይደፍኑታል። እሳቱ ዝግ ማለት አለበት። እንፋሎቱ ወጥቶ ቀዝቃዛውን አናት ሲነካ ውሃ ይሆንና በአፍንጫው በኩል ጠብ፣ ጠብ እያለ ጠርሙስ ውስጥ ይወርዳል። ላይ ያለው ውሃ እንደሞቀ ወዲያው ቀድቶ አውጥቶ በቀዝቃዛ መለወጥ ነው ዋናው ሥራ። ያ ከዘገየ የአበባው ውሃ አረር አረር ይላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያድነውም። የዝቤይዳ ውሃ አርሮ አያውቅም ነበር። ለሙሽራ ፊት፣ ለትኩሳታም ልጅ ግንባር፣ ለእንግዳ ቡና ጠብታ፣ ሰፈሩ የሚመጣው ወደ እሷ ነበር።

አርባ ሰባት ዓመት ሲሆናት አንድ ማለዳ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። በቀዝቃዛ ውሃ ልብስ ማጠቤ ነው አለች። ከዚያ አንጓዋ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፋ፤ ከዚያ ጉልበቷ ተከተለ። ሐኪሞቹ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አሏት፤ ሰውነቷ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት እየቆጠረ እንደሚወጋው አስረዷት።

«የገዛ ሰውነቴ?» አለች ዝቤይዳ። ከሕመሙ ይልቅ ያ አሳዘናት።

በየሳምንቱ የሚዋጥ ኪኒን ተሰጣት፣ ጥቂት ዓመታት ደገፋት፣ ከዚያ ደከመ። መጨረሻ ላይ ልብሷን የሚቆልፍላት፣ ጸጉሯን የሚያበጥርላት ባሏ ሸድሊ ሆነ። ሸድሊ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ማበጠሪያውን ግን እንደ መሪ ጨብጦ ከኋላዋ ሲቀመጥ አፉ ይፈታል።

«አቅጣጫ ንገሪኝ። ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ የሚታጠፈው?»

«ጸጉር ነው እንጂ የሱሳ መንገድ አይደለም! ቀስ በል።»

«ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው። ተሳፋሪ ጸጥ ይበል።»

በዚያው ዓመት፣ ሕመሙ በከፋበት መጋቢት፣ ዝቤይዳ እንደ ልማዷ ቀጣሩን ጣደች። ሸድሊ ገበያ ወጥቶ ነበር። ገበታው ላይ ያለው ውሃ ሞቀ። ልትቀዳው ጣሳውን ያዘች፤ ጣቶቿ አልጨብጥ አሉ፣ ጣሳው ወደቀ። በሁለት መዳፏ መሃል አጣብቃ ሞከረች፤ እንደገና ወደቀ። እሳቱን ልታወጣ ጎንበስ ብትል ጉልበቷ ተይዞ ቀረ። እዚያው ተቀምጣ ውሃው ሲፈላ፣ ከአፍንጫው የሚወርደው ጠብታ ሽታው ሲለወጥ አየች። ሸድሊ ሲመለስ ግቢው አረር አረር ይላል።

«ላባስ?» አላት ከበሩ ሆኖ።

«ላባስ» አለችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ያረረውን ውሃ አልደፋችውም። የሚጣል አበባ አልነበረም፣ የሚሰጥም ውሃ አልሆነም። ጠርሙስ ውስጥ አድርጋ፣ አፉን በሰም አሽጋ፣ ከቁም ሳጥኑ በስተኋላ ደበቀችው። ሸድሊም ጠርሙሱን እያወቀ ስለ እሱ አንድም ቀን አላነሳም።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ በዋና ከተማው ወዳለ ሆስፒታል ላኳት። በደም ሥር የሚንጠባጠብ አዲስ መድኃኒት ነበር፤ ውድ ስለሆነ የመድን ኮሚቴ ይፈቅድ ነበር። ሐኪሟ ዶክተር ኢንሳፍ የምትባል፣ ዓይኖቿ የደከሙ፣ እጆቿ የሞቁ ወጣት ሴት ነች። ቅጽ ዘርግታ፣ ትልልቅ ሴቶች በሚከበሩበት «ላላ» በሚለው ስም እየጠራች ጠየቀቻት። ሸድሊ ውጭ፣ ከሌሎቹ ባሎች ጋር ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር።

«ላላ ዝቤይዳ፣ ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር ይቁጠሩልኝ። ዜሮ ምንም የለም፤ አስር የማይቻል።»

«ላባስ፣ ልጄ።»

«ላባስ ቁጥር አይደለም።»

«እንግዲያው… ሁለት በይ።»

«ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያዎ ለምን ያህል ጊዜ ይደርቃል?»

«ትንሽ።»

ትንሽ ያለችው ከንጋት ሶላት እስከ ቀትር ነበር። ዶክተር ኢንሳፍ ያበጡትን አንጓዎች አየት አደረገች፣ ብዕሯን ነከሰች፣ ግን የታማሚው ቃል በታማሚው ቃል ቦታ ይጻፋልና ሁለት ብላ ጻፈች። የደም ምርመራውና የራጁ ፎቶ ራሳቸው ስለጮኹ፣ ኮሚቴው ለአንድ ዓመት ፈቀደ።

እንዲህ ሆኖ ዝቤይዳ በሆስፒታሉ የጠብታ ክፍል የመስኮቱ ወንበር ባለቤት ሆነች። በየስምንት ሳምንቱ ከሸድሊ ጋር ጎህ ሳይቀድ ስምንት ሰው በሚጭነው ሉዋጅ ታክሲ ተሳፍራ ትመጣለች። ነርሷ ሪም ትመዝናታለች፣ ሙቀቷን ትለካለች፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ቁስል አለ? መድኃኒቱ ያበደውን የሰውነት ጦር ሲያስታግስ ዘበኞቹንም አብሮ ያስተኛቸዋል፤ ሌላ በሽታ ሾልኮ ከገባ የሚከለክል አይኖርም። ስለዚህ የታመመ ሰው ያን ቀን አይሰጠውም።

ከዚያ መርፌው ይገባል። መጀመሪያ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ይቀዘቅዛል፣ ሻርፗን ትከናነባለች። ጠብታው ይወርዳል፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በመጀመሪያው ቀን ፈርታ ነበር፤ ይህን ድምፅ የሌለው ጠብታ ባየች ጊዜ ግን ልቧ አረፈ። ይሄማ ቀጣር ነው አለች በልቧ። ዝግ ያለ እሳት፣ ቀስ ያለ ጠብታ፤ የሚቸኩል ያሳርራል። ሪም ማሽኑን ልታፋጥን ስትነካ «ተዪው ልጄ፣ በራሱ ጊዜ ይውረድ» ትላታለች፤ ሪምም «ላላ ዝቤይዳ፣ እርስዎን እዚህ ብንቀጥርዎትስ?» እያለች ትስቃለች።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ እንደ ወፍጮ ቤት አህያ ትደክማለች፣ ትተኛለች። በሦስተኛው ቀን ትነሳለች። ከሁለተኛው የጠብታ ቀን በኋላ አንድ ጠዋት ሐሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ ማሰሮ ክዳን እጇ ውስጥ ዞሮ ተከፈተ። ሳታስበው ነበር የከፈተችው። ክዳኑን ይዛ ቆማ አለቀሰች። ሸድሊ ሮጦ መጥቶ «ምን ሆንሽ?» አለ።

«ከፈትኩት።»

«ማሰሮውን?»

«ማሰሮውን።»

«እና ዝጊውና እንደገና ክፈቺው፣ እኔም ልየው።»

ዘጋችው፣ ከፈተችው። ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሶላቷ መጨረሻ አንድ ልመና ጨመረች፤ ይህን መድኃኒት የሠራ፣ ስሙን የማታውቀው፣ በየት አገር እንዳለ የማታውቀው ሰው፣ እሱም ይሁን እሷ፣ ጣታቸው አይታመም ብላ ትለምናለች። በመጋቢት ቀጣሩን ጣደች። ውሃውን ሰባት ጊዜ ለወጠችው፣ ሰባቱንም በራሷ እጅ። ጠርሙሱ እንደ እንባ ጠርቶ ወጣ።

ከጎኗ ባለው ወንበር የምትቀመጠው ከቆርባ የምትመጣ የበርበሬ ገበሬ፣ ወሲላ ነች። ወሲላ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው። እሷ ሲጠይቋት ሳይጨርሱ ትመልሳለች።

«አስር! ትናንት አስራ አንድ ነበር፣ ዛሬ ለእናንተ ብዬ ነው የቀነስኩት።»

«አላህን ፍሪ» ትላታለች ዝቤይዳ።

«አላህማ ያውቀዋል፣ እሱ ፋይል አይከፍትም። ፋይል የሚከፍቱት እነዚህ ናቸው። ላላዬ፣ አንቺ እዚህ ወንበር ላይ ብትሞቺ እንኳ ለሬሳ አጣቢዋ ላባስ ነው የምትያት።»

ሕመሙ ተመልሶ ብቅ የሚለው በስምንተኛዋ ሳምንት ብቻ ነው። ያችን ሳምንት ሴቶቹ «ደረቋ ሳምንት» ይሏታል። ዝቤይዳ በደረቋ ሳምንት የከባድ ዕቃ ሥራ አትጀምርም፣ ሊጥ አታቦካም፣ ጣቶቿን በሞቀ ውሃ ውስጥ አድርጋ ቀኑን ትጠብቃለች። ቀኑ እንደሚመጣ ካወቁት መጠበቅ ከባድ አይደለም።

በሁለተኛው ዓመት ግን፣ የካቲት ላይ፣ ደብዳቤ መጣ። ዶክተር ኢንሳፍ ራሷ ደውላ ጠራቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ሸድሊም ገባ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አዙራ አሳየቻቸው። በሕክምናው መጀመሪያ ታማሚዋ የሰጠችው የሕመም መጠን፦ ሁለት። ከአንድ ዓመት በኋላ፦ ሁለት። ታማሚዋ የገለጸችው ለውጥ የለም። ኮሚቴው ሕክምናውን ለመቀጠል በቂ ምክንያት አላገኘም። የጥር ወሩ ጠብታ የመጨረሻው ነበር ማለት ነው። የሚቀጥለው ይወርድ የነበረው በመጋቢት፣ አበባው በሚረግፍበት ሳምንት ነበር።

«እብጠቱን እኔ ጽፌያለሁ፣ የደም ምርመራውም አለ» አለች ዶክተር ኢንሳፍ። «ግን የቅጹ ግማሽ የእርስዎ ቃል ነው። ላላ ዝቤይዳ፣ ለምን ዋሹኝ?»

«ዋሸሁ?» ዝቤይዳ ፊቷ ቀላ። «በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም!»

«ያኔ ጸጉርዎን ማን ነበር የሚያበጥረው?»

ዝቤይዳ ወደ ባሏ ዞረች። ሸድሊ ጫማውን አየ።

«እኔ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ስምንት ወር። አሁንም ደህና አድርጌ አልቻልኩበትም።»

ዶክተር ኢንሳፍ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ መልሶ ጠነከረ። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የኮሚቴው ሐኪም ታማሚዋን በአካል ያያታል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያያት። «እዚያ ገብተው የነበረውን እንደነበረ መናገር አለብዎት። በራስዎ አፍ። ካልተናገሩ እኔ ምንም ላደርግልዎት አልችልም።»

ወሲላ ወሬውን እንደሰማች ስልክ ደውላ ልምምድ ጀመረች።

«እኔ ኮሚቴው ነኝ» አለች ድምጿን አወፍራ። «ላባስ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ላባስ፣ ሐም…»

«ወደቅሽ! እንደገና። ስንት ነበር ያኔ?»

«ሦስት።»

«ሦስት? ከሦስት ጋር ነው ባልሽ ጸጉርሽን ያበጠረው? እኔ በሦስት በርበሬ ለቅሜ፣ ምሳ ሠርቼ፣ ከአማቴ ጋር ተጣልቼ እገባለሁ። እንደገና!»

ለአራት ቀን እንዲህ ተለማመዱ። ዝቤይዳ ስምንት ማለት ቻለች፤ ግን ስምንት ባለች ቁጥር አባቷ በመስኮቱ በኩል የሚያያት ይመስላትና ድምጿ ይሰበራል። ሕመሟን አልነበረም የምትደብቀው። ማሰሮ የከፈተላት፣ የሰባት ጊዜ ውሃ ያስለወጣት ጌታ ፊት የድሮ ክስ ይዛ መቅረብ ነበር ያስፈራት። ይህን ሁሉ ከተቀበልኩ በኋላ? ትላለች።

በቀጠሮው ጠዋት ነጭ ሰፍሳሪዋን ተከናንባ ከመውጣቷ በፊት ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። ሁለት ጠርሙስ አውጥታ በዘንባባ ዘንቢል ውስጥ አኖረች።

ሸድሊ አየና ደነገጠ። «ለኮሚቴው ሐኪም ስጦታ? ጉቦ ነው እኮ የሚሉት!»

«ስጦታ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ና፣ ሉዋጁ ይሞላብናል።»

የኮሚቴው ሐኪም ጢሙ የሸበተ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ፊቱ ያለው የፋይል ክምር ከወገቡ ይበልጣል። ቀና ብሎ እንደ ደንቡ ሰላም አለ።

«ላባስ፣ ያ ላላ?»

የዝቤይዳ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ደረቷ ላይ ወጣ። «ላባስ፣ ሐምዱላህ።»

ሸድሊ ዓይኑን ጨፈነ።

«ላባስ ከሆኑማ» አለ ሐኪሙ፣ ብዕሩን እያነሳ፣ «እኔ ምን ልርዳዎት?»

ዝቤይዳ የተለማመደችው ቁጥር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ጎንበስ ብላ ከዘንቢሉ የመጀመሪያውን ጠርሙስ አወጣች። አፉ በሰም የታሸገ ነው። በአውራ ጣቷ ጥፍር ሰሙን ላጠች፣ ቡሹን በሁለት ጣቷ ይዛ አዞረችው፣ ጎተተችው። ብቅ አለ። ሐኪሙ ጠርሙሱን ትቶ ጣቶቿን ነበር የሚያየው።

«ያሽትቱ» አለችው።

አሸተተ፤ ፊቱ ተጨማደደ። «አርሯል።»

«አዎ። መድኃኒቱን ከመጀመሬ በፊት ባለው መጋቢት የወጣ ነው። ጣሳ መያዝ አቃተኝ፣ ውሃውን ሳልለውጥ ቀረሁ፣ ቁጭ ብዬ ሲያርር አየሁት። ባሌ ላባስ? አለኝ፤ ላባስ አልኩት።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የዚያ ዓመት ላባስ ይሄ ነው።»

ሁለተኛውን አወጣች። እሱንም ራሷ ከፈተችው። ሳይጠጋ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ፋይሎቹ መሃል አንድ ዛፍ ያበበ መሰለ።

«ይሄ ከሦስት ወር ሕክምና በኋላ ነው። ሰባት ጊዜ ውሃ ለውጫለሁ። አሁንም ላባስ? ቢሉኝ ላባስ ነው የምለው። ይሄም ላባስ ነው። አፌ ሁለቱን የሚጠራው በአንድ ስም ነው፣ ጌታዬ። አባቴ ሌላ ስም አላስተማረኝም። ሽታቸው ግን አንድ አይደለም።»

ከዚያ፣ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ፣ መናገር ቻለች። የልብሷን ቁልፍ፣ የቧንቧውን እጀታ፣ ከንጋት እስከ ቀትር ድንጋይ ሆኖ የሚቀረውን ጣቷን፣ በሸድሊ ማበጠሪያ ሥር ያሳለፈችውን ስምንት ወር ተናገረች። ቁጥር አልጠራችም። እየተናገረች ሳለ አንድ ነገር ገረማት፤ ክስ አልመሰላትም። ምን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ እንደነበረ ካልተናገረች፣ ያወጣትን ገመድ ርዝመት በምን ታመሰግናለች?

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ጻፈ። ሲጨርስ የጠራውን ጠርሙስ አንስቶ አንዴ አሸተተ፣ ትንሽም ቆየ፣ ከዚያ ቡሹን ከትቶ መለሰላት።

«ይሄን ይውሰዱት። እዚህ ከተውት ጉቦ ይባላል።»

ሸድሊ ሚስቱን በክርኑ ነካ አደረጋት።

«ያረረውን ግን ይተዉልኝ» አለ ሐኪሙ። «እሱ ማስረጃ ነው።»

መልሱ በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት መጣ፤ ሕክምናው ይቀጥላል። ዶክተር ኢንሳፍ በስልክ ስትነግራት ዝቤይዳ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ስለቆየች፣ ዶክተሯ ለልቧ ምት ነበር የምታወራው። ወሲላ ደግሞ «እኔ ነኝ ያሰለጠንኩሽ!» ብላ ሙሉውን የክብሩን ድርሻ ወሰደች።

የጠብታው ቀን ሲደርስ ደረቋ ሳምንት እያለቀች ነበር፤ ጣቶቿ እንደገና ተኮማትረዋል። ቤት ውስጥ አንሶላው ላይ አራት ኪሎ አበባ ተሰጥቷል፤ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ዛሬ ከወሰደች፣ ነገ ተኝታ፣ በማግሥቱ ቀጣሩን ትጥዳለች። ሁሉንም አስልታዋለች። ያላሰላችው ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ስትውጥ ጉሮሮዋን የሚከረክራትን ነገር ነው።

ሪም የደም ግፊት መለኪያውን እየጠቀለለች መጣች። «ላባስ፣ ላላ ዝቤይዳ?»

እጇ ወደ ደረቷ ተነሳ። የመስኮቱ ወንበር ባዶውን ይጠብቃታል። አንዲት ቃል ብቻ ነች፤ ሪምም ዛሬ ሰው በዝቶባታል፣ ደግማ አትጠይቅም። ወሲላ ከጎን ወንበር ሆና እንደ ኮሚቴ አፈጠጠችባት።

ዝቤይዳ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረች።

«ጉሮሮዬ» አለች። «ከትናንት ጀምሮ። ስውጥ አራት… አይ፣ አምስት።»

ሪም ቆመች። ሙቀት መለኪያው ሠላሳ ስምንት ከአራት አለ። ዶክተር ኢንሳፍ መጥታ ጉሮሮዋን አየች፣ መድኃኒት ጻፈችላት፣ ጠብታውን ለአሥር ቀን አስተላለፈችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት፣ ለሐኪም የማይገባ ነገር ነው።

«ዛሬ ሰጥቼዎት ቢሆን ኖሮ…» አለችና አልጨረሰችውም።

በሉዋጁ ውስጥ ሸድሊ እስከ ግሮምባልያ ድረስ መንገዱን አየ። ከዚያ «አበባውስ?» አለ።

«አበባውን አንተ ነህ የምታወጣው።»

«እኔ? እኔ የማውቀው መሪና ፍሬን ነው።»

«እሱም ያው ነው። ማቆም ባለብህ ጊዜ ታቆማለህ።»

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ግቢው መሃል ስትገባ ዝቤይዳ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ከቀጣሩ ራቅ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሸድሊ እጅጌውን ሰብስቦ ሊጡን ሲደፍን ግማሹን ጺሙ ላይ ለጠፈው። እሳቱን አበዛው፤ ጮኸችበት። አሳነሰው፤ እንደገና ጮኸችበት። ጉሮሮዋ ስለታመመ ጩኸቷ እንደ ድመት ልጅ ነበር፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ የመጀመሪያው ጠብታ ከአፍንጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሁለቱም ሳይተነፍሱ ጠበቁት። ወረደ። ሽታው ንጹህ ነበር።

ጣቶቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። አብጠዋል፣ ያምሟታል። አሥር ቀን ነው፤ ከአሥር ቀን በኋላ የመስኮቱ ወንበር አለ። ወዳጅዋ የሆነ ጠብታ አለ። ጺሙ ላይ ሊጥ የለጠፈ ሰው አለ።

ሸድሊ ዞር ብሎ አያት። «ላባስ?» አላት።

«ስድስት» አለች። «ሐምዱላህ።»

«ስድስት? ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው፣ ሐምዱላህም ነው። አሁን እኔን ተወኝና ውሃውን ንካው። ሞቋል አንተ ሰውዬ፣ ለውጠው እንጂ!»